አጭዳን የዋጣቸው

በሳንቃራ መንግሥት የመከር በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ፀሐይ ከአናት በላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ከጠራ ሰማይ አንድ ድንጋይ ወረደ። የንጉሥ ደርባዝን የግብር አዳራሽ ጣሪያ በስቶ፣ የጠጁን ጋን ለሁለት ከፍሎ፣ ከዙፋኑ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ወለሉን ሰንጥቆ ቆመ። መኳንንቱ ከተደበቁበት እየተሳቡ ሲወጡ ያዩት ነጭ እብነ በረድ ነበር። አራት ማዕዘን ሆኖ ተጠርቧል፤ ዙሪያውን የወርቅ ሐረግ ተስሎበታል። በአንደኛው ማዕዘን ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ስባሪ ጥርስ ተሰክቶበታል።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን እብነ በረድ የማያውቅ አልነበረም። ያወቀው ሁሉ ግን ያላወቀ መሰለ። ከበሩ አጠገብ የቆመችው ሐመልታ ብቻ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ የድንጋዩን ልክ የሰጠችው እሷ ነበረችና።

ነገሩ እንዲገባን ከሥሩ መነሣት አለብን። በመጀመሪያ ባዶው ነበረ፤ የተከፈተ አፍ፣ ምላስም ቃልም የሌለው። ከባዶው ውስጥ ምድራይት ወጣች፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ታጋሽ እናት። ብቸኝነቱ ሲጠናባት ሰማዎንን ከራሷ ወለደች፣ እንዲያለብሳት ብላ። ሰማዎን ግን ልብስ መሆን አልበቃውም፤ ተጭኗት ተኛ። ከእሱ የፀነሰቻቸው ልጆች ሁሉ መውጫ አጥተው በማኅፀኗ ታፈኑ። በመጨረሻ ትንሹ ልጅ አጭዳን፣ እናቱ በሰጠችው የባልጩት ማጭድ አባቱን ከእናቱ ላይ ቆርጦ አላቀቀው፤ በጫንቃውም ወደ ላይ ገፍቶ አቆመው። እኛ የምንኖረው አጭዳን በከፈተው በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። እስከዚህ ድረስ አጭዳን ጀግና ነው፤ ማንም አይክድም።

ሰማዎን ግን እየደማ ረገመው። «ከእናትህ ልጆች መካከል የመጨረሻው ይጥልሃል!» አለው። ምድራይት ደግሞ መውለዷን አላቆመችም፤ ከጭቃዋ ሰውን ሠራች። የሰው ልጅ ሁሉ የእሷ ልጅ ነውና፣ ዛሬ የተወለደ ሕፃን ሁሉ የመጨረሻ ልጇ ነው። አጭዳን ይህን ባሰበ ቁጥር ይፈራል። ስለዚህ ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ረጅሙ እጁ እንደ ደመና ጥላ ተራራውን ተሻግሮ ይመጣል፤ ከአልጋው አንሥቶ ሳያኝክ ይውጣል። ሕፃኑ አርባ ቀን ሞልቶት ስም ከወጣለት ግን አይነካውም፤ ያኔ የመጨረሻው ሌላ ነው።

ሰው መቼም መላ አያጣም። የሳንቃራ ሴቶች የወንዝ ድንጋይ በሕፃኑ ልክ መዝነው፣ በእናቱ ወተት አጥበው፣ በመጠቅለያ ጨርቅ ጠቅልለው አልጋው ላይ ያኖሩለት ጀመር። ሕፃኑ አርባ ቀኑ እስኪሞላ በቅርጫት ተደብቆ ይተኛል፤ አጭዳን ድንጋዩን ውጦ ይሄዳል። ክብደቱ የስንዴ ቅንጣት ያህል ቢጎድል ይነቃል። ለዚህ ነው የመዛኞች ቤት በሳንቃራ የተከበረው፤ የሐመልታ እናት፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ ሁሉ መዛኞች ነበሩ። ሦስት መቶ ዓመት አንድም ልጅ አልተበላም።

ታዲያ በዚያ ዓመት ለንጉሥ ደርባዝ የመጀመሪያ ወንድ ልጁ ተወለደ። ሐመልታ እንደ ደንቡ ከወንዝ ሙልጭ ያለ ድቡልቡል ድንጋይ መርጣ ቤተ መንግሥት ይዛ ሄደች። የቤተ መንግሥቱ ሹም አዛዥ መርሻን ድንጋዩን በብር ዘንጋቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ለንጉሥ ልጅ የወንዝ ድንጋይ? የጎረቤት ነገሥታት ቢሰሙ ምን ይሉናል?» አሉ። «ውሰጂው። እብነ በረድ በአራት ማዕዘን ይጠረብለታል፤ አንቺ ልኩን ብቻ ንገሪን።»

ሐመልታ አፏን ከፍታ ነበር። ልትላቸው የነበረው፣ አጭዳን አያኝክምና ድንጋዩ ማዕዘን ሊኖረው አይገባም የሚል ነበር። ግን የሰውየው ካባ፣ ዘንጉ፣ የቆሙት አሽከሮች ሁሉ አስፈሯት። «እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣች። ይህች «እሺ» ናት እንግዲህ ሰማይ ደርሳ የተመለሰችው። ሕፃኑ ሰባት ቀን በሞላው በበዓሉ ዕለት እብነ በረዱ በአጭዳን ጉሮሮ ተሰነቀረ፤ አንቆት ሲያስለው ጥርሱን ሰበረ፤ ሲተፋውም ለሦስት መቶ ዓመት የተታለለው ጌታ ዓይኑ ተገለጠ።

የአዳራሹ አቧራ ገና ሳይሰክን ውጭ ጨለም አለ። ጥላው በከተማው ላይ ሲያልፍ ጩኸቱ ከየቤቱ ተነሣ። ሐመልታ ሮጠች። ቤቷ ስትደርስ ቅርጫቱ ተገልብጧል፤ የሃያ ሁለት ቀን ሴት ልጇ የለችም። የመጠቅለያዋ ጨርቅ ብቻ ከበሩ መቃን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ባሏን በክረምቱ ጎርፍ ያጣችው ሐመልታ በዚህ ዓለም የቀረቻት ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። በዚያ ቀን ከሳንቃራ አርባ ቀን ያልሞላቸው አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት ተወሰዱ፤ የንጉሡም ልጅ አብሮ።

በማግሥቱ ንጉሥ ደርባዝ ጣሪያው በተቀደደው አዳራሽ ሸንጎ ተቀመጠ። ብዙ ተነገረ። መሥዋዕት እናቅርብ ያለ ነበር፤ ይቅርታ እንለምን ያለ ነበር፤ ሌላ ልጅ ይወለዳል ብሎ ያጽናና ደፋርም አልጠፋም። ይህን የሰማችው ሐመልታ ሕዝቡን እየሰነጠቀች ወደ ፊት ወጣች። ቀሚሷ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል፤ ልትሸፍነው አልሞከረችም።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «የዋጠውን አይገድልም። ሳያኝክ ነው የሚውጠው፤ በአማልክት ሆድ ውስጥም ጊዜ የለም። ልጆቹ በሕይወት አሉ። እኔ እሄዳለሁ።»

ንጉሡ አዘነላት። «ልጄ፣ ትንቢቱ የመጨረሻው ልጅ ይጥለዋል ነው የሚለው። አንቺ ሃያ ዓመት ሞልቶሻል።»

«የመጨረሻዎቹ ልጆች ሆዱ ውስጥ ናቸው። ታዲያ ማንን እንጠብቅ?» አለች። «ስሙኝ፣ የሳንቃራ ሰዎች! ጡቴ ሳይነጥፍ ልጄን ከአጭዳን ሆድ አወጣታለሁ። አማልክት ቢፈቅዱ እሰየው፤ ባይፈቅዱም አወጣታለሁ። ይህን ባላደርግ ስሜ ከመዛኞች ቤት ይፋቅ፤ እኔን ያየ ሁሉ እንዳላየ ይለፈኝ!»

ከዚያ የብር ዘንግ ወለሉን ሲመታ ተሰማ። አዛዥ መርሻን ነበሩ፤ ስድሳ ዓመታቸው፣ ከቤተ መንግሥት ደጃፍ አልፈው በእግራቸው ተራምደው የማያውቁ ሰው። «ሁለት በቅሎ ይጫንልን» አሉ። «ይህች ልጅ አምላክ ፊት ስትቀርብ እጅ አነሣሥ የሚያስተምራት ያስፈልጋል።» ሰዎች ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ የአዛዡን ዓይን ሲያዩ ግን ተዉት።

ሰባት ቀን ወደ ምዕራብ ተጓዙ። ሐመልታ በየምሽቱ ወተቷን ድንጋይ ላይ ታልበዋለች፣ እንዳይደርቅባት። አዛዡ በዚያን ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ ይተርካሉ፤ ሳያቋርጡ፣ ጮክ ብለው።

በስምንተኛው ቀን ከሳሾቹ ወደሚኖሩበት ቀይ ሜዳ ደረሱ። ሰማዎን በተቆረጠ ጊዜ ከደሙ ጠብታ የተወለዱ ሦስት አሞራዎች ናቸው፤ ፊታቸው የሰው ነው። በልጅ ላይ በደል ያለበትን ሰው ያሸታሉ። የሚክደውን ይበሉታል።

የመጀመሪያዋ ከሐመልታ አናት በላይ አንዣበበች። «የምታውቂውን ለምን አልተናገርሽም?» ስትል ጮኸች።

«ፈራሁ» አለች ሐመልታ። «ካባ ፈራሁ። ያኔ ተናግሬ ቢሆን ልጄ ዛሬ ጡቴ ላይ ነበረች።» ይህን ስትል እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ በፊት ለራሷ እንኳ እንዲህ ብላ አታውቅም ነበር። አሞራዋ ክንፏን ሰብስባ አለፈች።

ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ መርሻን ላይ ወረዱ። አዛዡ ዘንጋቸውን ወደ ላይ ወድረው «እኔ የታዘዝኩትን…» ብለው ጀመሩ። ጥፍር ጆሯቸውን ቦጨቀው። «ንጉሡ ራሳቸው…» ሲሉ ሌላው ጥፍር ትከሻቸው ላይ ተተከለ።

«ጌታዬ፣ ይናገሩት!» ብላ ጮኸች ሐመልታ።

ሽማግሌው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ማንም አላዘዘኝም!» አሉ። «እኔ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የኖርኩት፤ ሰው ግን ስለ እኔ ምንም ብሎ አያውቅም!» አሞራዎቹ ተነሥተው ሄዱ። አዛዡ ጆሯቸውን በካባቸው ጫፍ ይዘው ከበቅሎው ጎን ተራመዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ ልጅ» ማለቱን ትተው «እመቤት» ይሏት ጀመር፤ እሷ ግን ለመልመድ ተቸገረች።

ከቀዩ ሜዳ አልፈው ማጭዱ ወዳለበት ወደ ምድራይት እምብርት ወረዱ፤ ጫፉ የማይታይ ገደል ነው። ከሥሩ አንድ ግዙፍ ፍጡር በጀርባው ተንጋሎ ደረቱ ላይ የቤት ያህል ቋጥኝ ተጭኖበታል። በግንባሩ መሀል አንዲት ዓይን ብቻ አለችው። ይህ የአጭዳን ታላቅ ወንድም፣ አንጥረኛው ድርሳም ነው። አጭዳን አባቱን ካስወገደ በኋላ ወንድሞቹን ፈራ፤ ወደ ወጡበት ጉድጓድ መልሶ ቀበራቸው። ከድርሳም ራስጌ በግድግዳው ላይ የባልጩቱ ማጭድ ተንጠልጥሎ ያበራል።

ሐመልታ ተንበርክካ ምድሩን በእጇ ነካች። «እማማ» አለች፣ «ማጭዱን ስጪኝ።»

ድምፁ ከእግራቸው ሥር መጣ፤ ዝግ ያለ፣ የደከመው። «አንድ ጊዜ ለልጄ ሰጠሁ። ከአባቱ የባሰ ሆነ። ለአንቺ ብሰጥሽ ከእሱ የባስሽ ትሆኛለሽ።»

«ዙፋን አልጠየቅኩም። ልጄን ነው የጠየቅኩት።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው» አለች ምድራይት። «አልሰጥሽም።»

«እንግዲያው ሳትሰጪኝ እወስዳለሁ።»

ገደሉ ውስጥ አቧራ ረገፈ። አዛዥ መርሻን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሥር «አልከለክልሽም» የሚል ቃል መጣ። «መስጠትም መከልከልም ሰልችቶኛል።»

ማጭዱ ግን ለሰው እጅ የሚደርስ አልነበረም፤ የሚያወርደው ድርሳም ብቻ ነው። ሐመልታ ቋጥኙን ዞራ ዞራ አየችው። ከዚያ ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች የወደቀ ረጅም የጽድ ግንድ ነበርና በበቅሎዎቹ አስጎተተች፤ ጫፉን ከቋጥኙ ሥር ሰክታ እዚያው አጠገብ ግንዱን በድንጋይ አስደገፈችው። የሚዛን ልጅ አይደለች? ክንዱ ከረዘመ ትንሹ ትልቁን እንደሚያነሣ ከጡት ጋር ነው የተማረችው። አዛዡና ሁለቱ በቅሎዎች በወዲያኛው ጫፍ ተንጠለጠሉ። ቋጥኙ ቃተተ፤ ተንከባለለ።

ድርሳም ቀና ብሎ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ እየተነፈሰ ቆየ። «እህቴ» አላት በመጨረሻ፣ «እኔም የጭቃዋ እናታችን ልጅ ነኝ። ያንን ትንሽ ወንድሜን እንድንጠይቀው ከፈለግሽ መንገዱን አውቀዋለሁ።» ማጭዱን አውርዶ በመዳፉ ላይ አኖረላት፤ ለእሱ ሚጢጢ፣ ለእሷ ቁመቷን የሚያህል።

አጭዳንን በዓለም ዳር በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ተራራ መስሏቸው ብዙ ከተጠጉ በኋላ ነው ተራራው ዓይን እንዳለው ያዩት። ሰማዩ ጫንቃው ላይ ተጭኗል፤ ጢሙ ውስጥ የዱር አጃ በቅሏል። ሦስት መቶ ዓመት የዋጠው ድንጋይ ሆዱን ስለሞላው ከተቀመጠበት መነሣት አይችልም። ፊት ጥርሱ ላይ በር የምታህል ክፍተት ነበረች፤ የእብነ በረዱ ሥራ።

አዛዥ መርሻን ወደ ፊት ራመድ ብለው በዘንጋቸው መሬቱን ሦስት ጊዜ መቱና፣ «የሰማይ ምሰሶ፣ የመከር ጌታ አጭዳን ሆይ! የሳንቃራ እናቶች የላኳት ሐመልታ መጥታለች። ስትናገር አድምጣት!» አሉ። ሰውየው በዚያች ቀን አማረባቸው።

«ልጆቻችንን መልስ» አለች ሐመልታ። «ሌላ ነገር የለኝም።»

አጭዳን ቁልቁል ተመለከታት። «የዕድሜሽን ልክ አያለሁ» አለ። «የመጨረሻው ልጅ አይደለሽም። ትንቢቱ ስለ አንቺ አያወራም።»

«ስለ እኔ ያውራ ብዬ አልመጣሁም!»

አጭዳን ሳቀ። በዘመናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና አፉ ወለል ብሎ ተከፈተ። በዚያች ቅጽበት ድርሳም ከኋላዋ ዘለለ፤ በሁለት እጁ የወንድሙን መንጋጋ ጨብጦ ያዘ። ሐመልታ ማጭዱን በጀርባዋ አዝላ፣ በድርሳም ክንድ ላይ ወጥታ፣ በተሰበረው ጥርስ ክፍተት ገባች። አዛዡ ተከትለው ምላሱ ላይ ወጡና ካባቸውን ዘረጉ።

ሆዱ ውስጥ ጨለማ ነበር። ወደ ታች ስትወርድ እግሯ ያረፈው በጥቅል ላይ ነው። በጥቅል ላይ ጥቅል፣ እልፍ አእላፍ ጥቅል፤ ሁሉም በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሁሉም በሆዱ ሙቀት የሞቀ። የመጀመሪያውን አነሣች፤ የሕፃን ክብደት ነው። ሁለተኛውን አነሣች፤ የሕፃን ክብደት ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። እናቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ፣ ሁሉም ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል። አምላክን ያታለለው ሚዛን አሁን እሷን ያታልላት ጀመር። «ልጆች!» ብላ ተጣራች። አንድም ድምፅ አልመጣም፤ በዚያ ጊዜ በሌለበት ሆድ ውስጥ ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ ቆረጠች። ጥቅሉን ሁሉ ልትፈታ ዕድሜዋ አይበቃም። ከላይ ድርሳም ሲያቃስት ይሰማታል። ተቀመጠችና አንዱን ጥቅል በመዳፏ ይዛ መዘነችው፤ እንደ ሥራ ቀን። ያኔ ትዝ አላት። ድንጋይ ሚዛን ላይ ከተቀመጠ ክንዱ ይረጋል። ሕፃን ግን፣ ተኝቶም ቢሆን፣ ሚዛኑን አያረጋጋውም፤ ይተነፍሳል፣ ክብደቱ ወዲህ ወዲያ ይላል። ስንት ጠዋት በዚህ ተማርራለች! ስንት እናት «ዝም አሰኚው» ተብላለች! በያዘችው ጥቅል ላይ መዳፏ ረጋ። ጣለችው። የሚቀጥለውም ረጋ። ሰባተኛው እጇ ላይ የስንዴ ቅንጣት ያህል ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ እጇ አላቆመም። ያልረጋላትን ሁሉ እያነሣች ወደ ላይ አቀበለች፤ አዛዡ እየተቀበሉ በወርቅ ጥልፉ ካባቸው ላይ አስተኙ፤ ሕፃናቱ ብርሃን ሲነካቸው ነቅተው አለቀሱ፣ ካባውንም አበላሹት። የማንንም ፊት ለማየት ጊዜ አልነበራትም። ልጇን ራሷን በእጇ አሳልፋ ሰጥታለች፤ የትኛዋ እንደነበረች ግን አላወቀችም።

«አሥራ ዘጠኝ!» ብለው ጮኹ አዛዡ ከላይ። «እመቤት ሐመልታ፣ ሞልተዋል፤ ይውጡ!»

አልወጣችም። እሷ ብትወጣ ነገ ሌላ ሕፃን ይወለዳል፤ ነገ ሌላ እናት ቅርጫት ትደብቃለች። «ልጆቹን ይዘው ይውረዱ!» አለቻቸው። ማጭዱን በሁለት እጇ ጨበጠችና የአጭዳንን ሆድ ከውስጥ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው። የሦስት መቶ ዓመት ድንጋይ እንደ ናዳ ፈሰሰ፤ እሷም አብራ ወደቀች።

አጭዳን ሆዱን ይዞ ጎበጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ሰማዩን…» አለ እየተንተባተበ፣ «ሰማዩን ማን ይይዘዋል?» ከዚያ በጎኑ ተጋደመ፤ ዳግመኛም አልተናገረም።

ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር። ሰማዩ ወረደ። የተራሮቹ ጫፍ ተሰበረ፣ ነፋሱ ታፈነ፣ ብርሃኑ እየሳሳ ሄደ። ድርሳም ሮጦ ከሥሩ ገባና በትከሻው ደገፈው። ለጥቂት ጊዜ ቆመ። በዚያን ጊዜ ሰማዎን በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ» አለው።

ድርሳም ከተፈጠረ ጀምሮ ማንም «ልጄ» ብሎት አያውቅም። ብቸኛዋ ዓይኑ በእንባ ሞላች። «አባዬ» አለ። ጉልበቱ እንደ ሕፃን ጉልበት ታጠፈ፤ ሰማዩም ደረቱ ላይ አረፈበት። ሐመልታ ስሙን እየጠራች ደረሰች፤ የድርሳም ዓይን ግን ተከድና ነበር። አዝና ልታለቅስለት ሰማዩ ጊዜ አልሰጣትም። እሱ በሞተበት ቦታ ቆመች፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ሰማዩ ጫንቃዋ ላይ ወረደ።

«አንቺም ልጄ ነሽ» አላት ሰማዎን። «ተኚ፤ ደክሞሻል።»

«አይደለሁም!» አለች ጥርሷን ነክሳ። «እኔ የጭቃ ልጅ ነኝ። አንተ በእናቴ ላይ የተኛህ ባለ ዕዳዬ ነህ!» አጥንቷ ሲንቋቋ ሰማችው።

ያን ጊዜ ከእግሯ ሥር መሬቱ ጠነከረ። «ዙፋኑ ባዶ ሆኖ አጠገብሽ ነበር፤ አላየሽውም እንኳ» አለች ምድራይት። «ተሳስቼብሻለሁ። ቁሚ ልጄ፤ እኔ ከታች አለሁ።» ከእግሯ ጀምሮ እስከ ወገቧ የተራራ ጥንካሬ ወጣባት። ሰማዩ አንድ ክንድ ከፍ አለ፤ ከዚያ ሌላ ክንድ። ነፋሱ ተመለሰ። ሐመልታ ከልማድ የተነሣ ስንት እንደሚመዝን ልትገምት ሞከረች፤ አልቻለችምና ተወችው።

አዛዥ መርሻን አሥራ ዘጠኝ የሚያለቅሱ ሕፃናት መሀል ተቀምጠው እሳቸውም ያለቅሱ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከምሥራቅ በኩል አቧራ ተነሣ። የሳንቃራ እናቶች ነበሩ። ንጉሡ ከከተማው በር እንዳይወጡ አውጆባቸው ነበር፤ እነሱ ግን አዋጁን በሩ ላይ ትተውት በማግሥቱ ተከትለው ወጥተዋል፤ ንግሥቲቱ ከፊት። እያንዳንዷ እየሮጠች የራሷን አነሣች፤ ሳይጠየቁ፣ ሳይሳሳቱ። አሥራ ስምንቱ ታቀፉ። ካባው ላይ አንዲት ቀረች።

ንግሥቲቱ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ የቀረችውን አንሥታ ወደ ሐመልታ ሄደች። ሐመልታ እጇን ማውረድ አትችልም። ንግሥቲቱ ቀሚሷን ከፈተችላት፤ ሕፃኗን አስጠግታ ያዘችላት። አዛዡ ጀርባቸውን አዞሩና ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ ጮክ ብለው መተረክ ጀመሩ። ልጅቱ ጠባች። ሐመልታ አንገቷን አጎንብሳ እስክትጠግብ ድረስ አየቻት። ፈገግም አለች።

«እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» አለች ንግሥቲቱ እያለቀሰች። «ስሟን ማን ልበላት? አርባ ቀኗ ገና ነው እንጂ…»

«አርባ ቀን የሚያስጠብቅ ፍርሃት ዛሬ ሞቷል» አለች ሐመልታ። «እምቢአለች በሏት።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ጫማዋን ስመው ሄዱ። አዛዥ መርሻን የመጨረሻው ነበሩ፤ በነገሥታት ፊት እንኳ ሰግደውት በማያውቁት ዝቅታ ሰገዱላት። አቧራቸው በምሥራቅ እስኪጠፋ ድረስ ሐመልታ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

ብቻቸውን ሲቀሩ ሰማዎን ጫንቃዋ ላይ ከበድ አለ። «ሰው ነሽ» አላት። «ትደክሚያለሽ።»

«ስደክም እነግርሃለሁ» አለችው።

እስከ ዛሬ አልነገረችውም።